ቀሩ ወይስ አስቀራችኋቸው

ላሚቱ የማለቢያ ማሽኑን አሁንም በእርግጫ ብላ ጣለችው። ጡቷን የሚይዙት ጎማዎች ሲሚንቶው ላይ ወድቀው እየፏጩ አየር ይስቡ ጀመር።

"ቀስ በያት ብሪን! ከኋላዋ ዘው አትበይባት። መጀመሪያ እጅሽን ጭኗ ላይ አሳርፊ" አለች ላቮን ብሬኬ፣ ጎንበስ ብላ ማሽኑን እያነሳች።

"አሳርፌያለሁ እኮ አክስቴ! እሷ ናት ያልወደደችኝ።"

"አታውቅሽማ።"

ብሪን የላቮን የወንድሟ ልጅ ናት። ከተማ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ የመጣችው ለዛሬው የሰኔ ቁርስ ብላ ነው። ደረቱ ላይ የምትስቅ ላም የተሳለችበት ቢጫ ካናቴራ ለብሳለች። የብሬኬ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ዛሬ ያንን ካናቴራ ለብሷል። ከሴቶቹ ኋላ፣ ከገመዱ ማዶ፣ ልጅ ያዘለውም አይስክሬም የያዘውም ተደርድሮ አለባ ያያል። ከዚያ ማዶ በረቱ አለ። በረቱ ውስጥ የመታለቢያ ሰዓታቸው ያለፈባቸው፣ ግታቸው የተወጠረ ላሞች ይጮኻሉ።

በእኛ የዊስኮንሲን ወረዳ በየሰኔው አንድ ገበሬ ደጁን ከፍቶ አገር ምድሩን ቁርስ ያበላል። ድንኳን ይተከላል፣ ፓንኬክና እንቁላል ይጠበሳል፣ ልጆች ትራክተር ላይ ይወጣሉ፣ ፖለቲከኛ መጥቶ ሽርጥ ያስራል፣ አንድ ሁለት ሰው ሳህን ላይ እንቁላል ጨልፎ ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። ዘንድሮ ተራው የብሬኬዎች ነው። ላቮን ይህን ተራ ዕድሜ ልኳን ስትመኘው ኖራለች። ደርሶ ሲመጣ ግን ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። ድንኳኑ ጋ ስትሄድ ልቧ ማለቢያ ቤት ነው፤ ማለቢያ ቤት ስትገባ ደግሞ ድንኳኑን ታስባለች።

"ይቅርታ እመቤት" አለች አንዲት ሴት ከገመዱ ማዶ፣ "እነዚያ ላሞች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹት? ታመው ነው?"

"ኧረ አልታመሙም። ሰው በዝቶባቸው ነው" አለች ላቮን።

ውሸቷን ነው። ላሞቹ ሰው ጎደለባቸው እንጂ አልበዛባቸውም።

የጎደለው ቴዮ ነው። ሙሉ ስሙ ኤሌውቴሪዮ ነው፤ ከሜክሲኮ፣ ከቬራክሩዝ ተራሮች መጥቶ ላቮንና ባሏ ዱዌን ጋር ሲሠራ ልጆቹ እዚሁ ተወልደው ትምህርት ቤት ገብተዋል። እሱና አብረውት ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው እነዚህን ላሞች የሚያልቡት። የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም። እንዳያገኙም ያደረጋቸው አንድ ቃል ነው። ሕጉ ለእርሻ የውጭ ሠራተኛ የሚፈቅደው ለ"ወቅት ሥራ" ብቻ ነው። ፖም ወቅት አለው፣ እንጆሪ ወቅት አለው። ላም ግን ወቅት የላትም፤ ለገናም ትታለባለች፣ ለፋሲካም ትታለባለች። ይህን ለማወቅ አንድ ቀን በረት ማደር ይበቃል፤ ሕግ አውጪዎቹ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ሲያስቡበት አሉ።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ የቁርሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ መኖ ነጋዴው አርለን ቮግት፣ መኪናውን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ላቮን፣ መኪና የሚያስተናብሩት የሸሪፉ ፖሊሶች ናቸው። ለሁሉም ሰላም እንዲሆን ልጆቹ፣ እነ ቴዮ፣ ቅዳሜ ባይታዩ አይሻልም?" ብሏት ሄደ። ላቮንም ማታውኑ ቴዮ ቤት ሄዳ "ቅዳሜ አለባውን ለእኔ ተዉና እረፉ፤ እናንተም ሰው ናችሁ" አለችው። ቴዮ ጥቂት አያትና "እሺ ፓትሮና" ብቻ አለ። አለቃዬ ማለቱ ነው፤ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቴዮ ቁርጡን ከነገራት ሰንብቷል። የአጎቱ ልጅ ወደ ገበያ ሲሄድ መንገድ ላይ ከተያዘ ወዲህ ሚስቱ ፊደሊያ መኪና አትነካም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀርታለች። "የኮንግረሱ ምክር ቤት ለበጋ እረፍት እስኪበተን እጠብቃለሁ" ነበር ያላት። "የወተት ሠራተኞቹ ሕግ እስከዚያ ካለፈ አለፈ። ካላለፈ አገራችን እንገባለን። በካቴና ከምሄድ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።" ዱዌን ትከሻውን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ ባልዲ አያነሳም። ቴዮ ከሄደ ላሞቹ ይሸጣሉ። ዱዌን አጫራቹን አነጋግሯል፤ ተደብቆ ነው ያነጋገረው፣ እሷ ግን ሰምታለች።

ሕጉ የለም እንዳይባል ረቂቁ አለ። ለከብት ቤት ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ይሰጣል። አፈ ጉባኤው ግን ወደ ድምፅ አላቀርበውም ብለው ይዘውታል። ከምክር ቤቱ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ማመልከቻ ላይ ከፈረሙ አፈ ጉባኤው ወደዱም ጠሉም ይቀርባል። ጥቂት ፊርማ ነው የቀረው። ካልፈረሙት አንዱ ደግሞ የዚህ ወረዳ ተወካይ ሮሊ ስቴንስላንድ ነው፣ የላቮን የልጅነት ጓደኛ። "ለድምፅ ከቀረበ እደግፈዋለሁ" ይላል በየመድረኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የለ!

ሮሊ የመጣው ብሪን ላሚቱን ለምና ማለቢያውን ካስገባችላት በኋላ ነው። ሽርጥ አስሮ፣ ጫማው ላይ ላስቲክ አጥልቆ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ገመዱን ተሻገረ።

"ላቮኒ! ዛሬም ከላም ጋር ስትደባደቢ ነው የማገኝሽ?"

"አንተም እንደ ልማድህ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የምትደርሰው።"

ገመዱ ማዶ ያለው ሰው ሳቀ። ሮሊም ሳቀ፤ ሲስቅ ያምርበታል። ልጅ ሆነው በወጣት ገበሬዎች ማኅበር አብረው ላም ያወዳድሩ ነበር፤ ያኔም እሱ አስተያየት ሰጪ፣ እሷ ላም ጎታች ነበረች።

"ማለቢያውን ልያዝ? ለፎቶው" አለ።

"ለፎቶ ከሆነ አትጠጋት፣ ትረግጥሃለች። ልታልብ ከሆነ ግን ቦታ አለ።"

ሮሊ ለፎቶ አንሺው በአገጩ ወደ ውጭ ጠቆመው። ልጁ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ቢሮዬ እየደወልሽ ነው አሉኝ።"

"ያቺ ድምፀ መልካም ልጅ ‘አስተላልፋለሁ’ ትለኛለች። ታስተላልፍልኛለች?"

"ታስተላልፋለች። ላቮኒ፣ እኔ እኮ ሕጉን እደግፋለሁ። ማን ከለከለኝ? ለድምፅ ይቅረብና እጄን ባላወጣ ያኔ ውቀሺኝ።"

"አይቀርብማ!"

"እሱን አፈ ጉባኤውን ጠይቂ።"

"አፈ ጉባኤውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አንተ ፈርመህ አስቀርበው።"

ሮሊ በረጅሙ ተነፈሰ። "በነሐሴው የፓርቲያችን የውስጥ ምርጫ ማን እንደሚነሳብኝ ታውቂያለሽ። ያ ሰው ፊርማዬን ባየ ማግስት ‘ለሕገ ወጥ በር ከፋች’ ብሎ ፊቴን በየመንገዱ ይሰቅለዋል። ከዚያ እኔ እወድቃለሁ፣ እሱ ይገባል። እሱ ይፈርምልሻል?"

"አይፈርምም።"

"ታዲያ! ችግሩ እኮ ሌላ ነው። ችግሩ ኮንግረስ ሥራውን አለመሥራቱ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ! አንዱ ፕሬዚዳንት በትእዛዝ ይከፍታል፣ ሌላው በትእዛዝ ይዘጋል፣ ፍርድ ቤቱ ይሽራል፣ ኮንግረስ ቁጭ ብሎ ያያል። አልቻሉም። ሊስማሙ አልቻሉም። ያሳፍራል።"

የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ላቮንን ያንገበገባት አነጋገሩ ነው። የጎረቤትን ሰነፍ ልጅ የሚያማ ይመስላል።

"ሮሊ፣ ኮንግረስ ማነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አልቻሉም ትላለህ። አልተስማሙም፣ ተበተኑ ትላለህ። አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ? ቡና ነው የምታፈላላቸው?"

ብሪን አፏን በክንዷ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሮሊ ጆሮው ቀላ። ግን በምክር ቤት ያረጀ ሰው ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር አይወድቅም። ማለቢያ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ በረቱ ውስጥ ያለውን ጩኸት አዳመጠ፣ ቢጫ ካናቴራዋን የለበሰችውን ባንከር አየ።

"ልጆቹስ? ቴዮን አላየሁትም።"

"ዛሬ ቀሩ።"

"ቀሩ?" አለ ሮሊ ፈገግ ብሎ። "ቀሩ ወይስ አስቀራችኋቸው?"

ላቮን ጎንበስ ብላ የማለቢያውን ቱቦ ታስተካክል ጀመር።

"አየሽ" አለ፣ አሁን ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። "አርለን ሸሪፉን ፈራ፣ አንቺ አርለንን ፈራሽ፣ እኔ ደግሞ ሦስታችሁንም እፈራለሁ። ሁላችንም አንድ ነን ላቮኒ። በይ ድንኳኑ ጋ እንገናኝ። የምታስተዋውቂኝ አንቺ ነሽ አሉ።"

የላሚቱን ዳሌ ቸብ አድርጎ ወጣ። ላሚቱ ማለቢያውን ረግጣ ጣለችው።

ላቮን ተናደደች። ሰው እውነት ሲነገረው እንደሚናደደው ነው የተናደደችው። ስንት ሌሊት ሮሊን በልቧ ስትከሰው አድራለች! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚመታ እያለች። እሷስ? አርለንን "አይሆንም፣ ላሞቼን የሚያልብ ሰው ላሞቼ ዘንድ ይሆናል" ብትለው ምን ያደርጋት ነበር? መኖ አልሸጥም ይላት ይሆናል፤ ምናልባትም አይላትም። አልሞከረችውም። የፈራችውን ነገር ደግሞ እረፍት ብላ ጠቅልላ ለቴዮ ሰጠችው።

"ብሪን፣ ያቺን ቀይዋን፣ ቀንድ ያላትን አስገቢ። ይህችን ተያት፤ መጣሁ" አለችና ወተት ማጠራቀሚያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ስልክ ደወለች።

"የት ናችሁ ቴዮ?"

"ሐይቁ ዳር ነን ፓትሮና። ልጆቹ ዓሣ እንይዛለን ብለው ውሃውን ይበጠብጣሉ። ላሞቹ ይጮኻሉ አይደል? ይሰማኛል።"

"ይጮኻሉ።"

"ልምጣ?"

"መንገዱ ላይ ፖሊሶች አሉ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ለዚህ አይደል አትምጣ ያሉኝ።"

ላቮን ጀርባዋን ቀዝቃዛው ታንከር ላይ አስደገፈች። "ቴዮ፣ ያ እረፍት አልነበረም። እኔ ነኝ ያስቀረሁህ። አርለን ተናገረኝና እኔም እሺ አልኩ።"

"አውቃለሁ ፓትሮና። እረፍት የሚሰጥ ሰው ፊት ለፊት ያያል። እርስዎ ጫማዬን ነበር የሚያዩት።"

"አሁን ድንኳን ውስጥ መናገር አለብኝ። ምን እንደምል እንጃ። እናንተን ሳላነሳ…"

"ስሜን እንዳይጠሩ" አለ ቴዮ ፈጥኖ። "የፊደሊያንም። እዚህ አገር ሰው ስለ እኛ ሲናገር ይጨበጨብለታል፤ የምታሰረው ግን እኔ ነኝ።"

"ስለ ራሴ ብቻ ብናገርስ?"

በስልኩ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል።

"የራስዎትማ የራስዎት ነው" አለ ቴዮ። "ሰውየው ይፈርማል?"

"አላውቅም።"

"ፊደሊያ ሻንጣ ገዝታለች። እንዲያውቁት ብዬ ነው።"

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። ዱዌን ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆሟል። የሸሪፉ ምክትል፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ ምሰሶ ተደግፎ ከወረቀት ሳህን ላይ ትኩስ አይብ ይለቅማል። አርለን ማይክሮፎኑን ሲሰጣት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"ባጭሩ አድርጊው። ‘ጎረቤታችን፣ በኮንግረስ ድምፃችን የሆነው ሮሊ’ በይና ልቀቂው። ሁሌም እንደሚባለው።"

"ሁሌም እንደሚባለው" አለች ላቮን።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" ብላ ጀመረች። ማይክሮፎኑ ሲጮህ ከአፏ ራቅ አደረገችው። "ምግቡን እንደወደዳችሁት አያለሁ። ጠዋት ሙሉ ግን ላሞቹ ለምን ይጮኻሉ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር። ሰው በዝቶባቸው ነው ብያችኋለሁ። ዋሽቼ ነው።"

ሹካዎች ቆሙ።

"የለመዱት እጅ ስለሌለ ነው የሚጮኹት። ቀሩ እንዳልላችሁ አልቀሩም። አስቀረኋቸው። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። እናንተ እንግዶቼ ደስ እንዲላችሁ ብዬ ላሞቼን አስጮኽኩ።"

በዚያ ድንኳን ውስጥ በወረዳው ያሉትን ላሞች ማን እንደሚያልብ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ይታወቃል፣ አይወራም። አርለን ዓይኑን ፓንኬኩ ላይ ተከለ። የሸሪፉ ምክትል አይቡን ማላመጥ ትቶ ወደ ውጭ፣ ወደ መኪናዎቹ ያይ ጀመር። ዱዌን ብቻ ሚስቱን ትክ ብሎ ያያታል፤ ተቆጥቶ ይሁን ኮርቶ አይታወቅም።

"አሁን እንግዳችንን ላስተዋውቃችሁ" አለች ላቮን። ድምጿ እየጠነከረ ሄደ። ሮሊ ከወንበሩ ተነስቶ ሽርጡን አስተካከለ። "በየዓመቱ የኮንግረስ ሰው እያልን ነው የምናስተዋውቀው። እሱ ደግሞ በየዓመቱ ኮንግረስ ሥራውን አልሠራም ብሎን ይሄዳል። እኔ ይህን ኮንግረስ የሚባል ነገር አይቼው አላውቅም ነበር። እንደዚህ የሚያስቸግረው ማነው እያልኩ ስብሰለሰል ኖሬያለሁ። ለካ አውቀዋለሁ! አብሮኝ ላም እየጎተተ ያደገ ልጅ ነው። እንጀራው… ምን ልበላችሁ፣ ከእኛው ደጅ የወጣ ነው። ጎረቤቶቼ፣ ኮንግረስ ይኸውላችሁ።"

ማይክሮፎኑን አቀበለችው።

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ሮሊም አብሯቸው ሳቀ፤ ከሁሉም ይልቅ ረዘም አድርጎ ሳቀ።

"ላቮኒ፣ ይሄ ሁሉ ሹመት ለእኔ ብቻ?" አለ። "ለባለቤቴ ንገሪልኝ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ አልከበርም!"

አሁንም ተሳቀ። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ባለፈው መኸር ላሞቻቸውን የሸጡ ናቸው፣ ኮፍያቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው "ሮሊ፣ ያንን ፊርማ ፈርመሃል ወይስ አልፈረምክም?" አሉት።

"ነገሩ እንኳ ትንሽ የተወሳሰበ ነው። እዚያ ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች፣ እነ…" አለና ሮሊ ቆመ። "እነሱ" ሊል ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ቀረ። ላቮንን አያት። ላቮንም አየችው።

"እዚያ ያሉት፣ ያው…" አለ እንደገና። ሽርጡን ጎተት አደረገ። "እኔ እንኳ በበኩሌ…"

በእኛ አገር እንግዳ አይዋረድም። ሰው ሲጨንቀው አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ባለቤት ጣልቃ ይገባል፣ ቡና ይቀዳል፣ አይስክሬሙ ሳይቀልጥ ተነሱ ይባላል፣ ነገሩ ይረሳል። ላቮን እንዲህ አድርጋ ስንት ሰው ከጭንቅ አውጥታለች። ሮሊም ይህን ያውቃል። የልጅነት ፈገግታውን ፈገግ ብሎ ማይክሮፎኑን ወደ እሷ ዘረጋው።

"በይ የቤቱ ባለቤት ትጨርስልን" አለ።

ማይክሮፎኑ በሁለቱ መካከል ቆየ። ዱዌን በደህናው ክርኑ ጎሸም አደረጋት። "ተቀበይው እንጂ" አላት ቀስ ብሎ።

ላቮን ሁለት እጆቿን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች።